ስለ ቄብና ስለ ጐረምሳ አውራ ዶሮ ጠባይ፤ ሆርሞን የተባለው የደም መልእክተኛ ስለሚሠራው ሥራ

በጐጃም ደጋ የባላገሩ ሚስት ለጨውና ለሳሙና፥ ለልጆቿም ደብተር መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ አዘውትራ የምታገኘው ከዶሮዎቿ ነው። ስለዚህ ተስፋ አድርጋ ያሳደገቻት ቄብ ስድስት ወር ሞልቷት ዕንቍላል ሳትጥል የቀረች እንደ ሆነ፥ መካን ናት ተብላ እግሯ ታስሮ ወደ ገበያ ትወሰዳለች። ብዙ ጊዜ ግን መካን አይደለችም፤ ጥቂት ሳምንት ብትታገሣት ኖሮ የመጀመሪያውን ዕንቍላል የምትለቅመው ራሷ ባለቤቲቱ ነበረች። እንዲሁም ዕንቍላሏን ጥላ ስትጨርስ ከጐጆዋ አልነሣም ብላ የተቀመጠችውን ዶሮ ግትር ናት፥ ሰነፍ ናት እያሉ እግሯን ወደ ላይ አድርጎ መስቀል፥ በውሃ መንከር፥ በአፍንጫዋም ላባ መሰካት በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ጐረምሳውም አውራ ከታናናሾቹ ጋራ ሲደባደብ ጠባዩ ክፉ ነው ይባላል።

ይህ ሁሉ ግን የግትርነትና የክፋት ነገር አይደለም። ወፍ ሁሉ ከዕንቍላሉ ከወጣ ጀምሮ፥ እንዲያውም ገና በዕንቍላሉ ውስጥ ሳለ፥ በደሙ ውስጥ በሚመላለስ እጅግ ጥቂት በሆነ ቅመም ይገዛል። ይህ ቅመም ሆርሞን ይባላል። በየወረዳውና በየቀበሌው ያሉት የግብርና ሹማምንትና ሠራተኞች የሆርሞንን ሥራ በመጠኑ ያወቁ እንደ ሆነ፥ ባላገሩ ዶሮውን መቼ መታገሥ፥ መቼ አብልጦ መመገብ፥ መቼም ለይቶ ማኖር እንደሚገባው ምክንያቱን እየገለጡ ሊመክሩት ይችላሉ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፈናል።

የዚህ ነገር መጀመሪያ የተገኘው ከዶሮ ነው። የአገራችን ሰው በሬውን ሰንጋ፥ በጉንና ፍየሉን ሙክት ሲያደርግ እንስሳው እንደሚረጋጋና እንደሚሰባ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ስለ ምን እንደዚህ እንደሚሆን ግን የሚያስረዳ አልነበረም። በ1849 ዓ.ም. ጌቲንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባሉት ሊቅ በስድስት ጐረምሳ አውራ ዶሮዎች ላይ ያደረጉትን ፈተና ጽፈው አወጡ። ቈለጣቸው ፈጽሞ የወጣባቸው ዶሮዎች በራሳቸው ላይ እንደ ዘውድ የሚቆመው ቀይ ሥጋ ሳያድግ ቀረ፤ እንደ አውራ አልጮኹም፥ አልተደባደቡም፥ ሴቶቹንም አልፈለጉም። ቈለጡ ከቦታው ተነቅሎ በሆዳቸው ውስጥ በሌላ ስፍራ የተተከለላቸው ግን እንደ ማናቸውም አውራ ጮኹ፥ ተዋጉም። በኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ ሲታይ፥ የተተከለው ቈለጥ ከአንጀት ጋራ ተጣብቆ አዲስ የደም ሥር አብቅሎ ተገኘ፤ የቀድሞው የነርቭ መንገዱ ግን አስቀድሞ ተቈርጧል። እንግዲህ ቈለጡ አካልንና ጠባይን የሚለውጠው በነርቭ በኩል ሳይሆን ወደ ደም በሚያፈሰው ነገር ነው ማለት ነው።

ስሙ የተሰጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ1905 ዓ.ም. በሎንዶን ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉት ሊቅ «ማነሣሣት» የሚል ትርጓሜ ካለው የግሪክ ቃል ወስደው ሆርሞን አሉት። በ1929 ደግሞ በቺካጎ ያሉ ሊቃውንት ከኰርማ ቈለጥ ያወጡትን ቅመም ለተኰላሸ አውራ ዶሮ እየወጉ፥ የራሱ ዘውድ ምን ያህል እንዳደገ በመለካት የቅመሙን ኀይል መዘኑ። በ1935 ይኸው ቅመም በአምስተርዳም ተጣርቶ ወጥቶ ቴስቶስቴሮን ተባለ። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ስሙ የሚጠራው የወንድ ሆርሞን አስቀድሞ የተመዘነው በዶሮ ራስ ላይ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የሆርሞን ሥራ እንደ መንግሥት ሥራ ተዋረድ አለው። ከሁሉ በላይ ያለው አንጐል ነው፤ እርሱም ብርሃኑን፥ ምግቡን፥ የሰውነቱን ክብደትና በዙሪያው ያለውን ነገር ሁሉ ይመረምራል። ጊዜው ደርሷል ብሎ የፈረደ እንደ ሆነ፥ በሥሩ ላለችው ፒቱታሪ ለምትባል ታናሽ ዕጢ ቃል ይልካል። እርስዋም በበኩሏ በደም በኩል ወደ ቈለጡ ወይም ወደ ዕንቍላል ዕጢው ትእዛዝ ታስተላልፋለች፤ እነዚያም የወንዱን ቴስቶስቴሮን ወይም የሴቲቱን ኤስትሮጅን ያፈልቃሉ። ከታችም ወደ ላይ መልስ ይመለሳል፤ ይኸውም ሆርሞኑ በደም ውስጥ የበዛ እንደ ሆነ አንጐሉ ትእዛዙን ይቀንሳል። የላይኛው ፈቃድ ሳይሰጥ የታችኛው አይሠራም። ስድስት ወር የሞላትን ቄብ መካን ናት ብሎ መፍረድ የማይገባውም ስለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የጐደለው ፈቃዱ እንጂ ዕጢው አይደለም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ፥ ከዕንቍላሉ እንጀምር። ሹል የሆነው ዕንቍላል ወንድ፥ ክብ የሆነው ሴት ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። የጫጩት ጾታ የሚወሰነው ዕንቍላሉ ገና ሳይጣል በእናቲቱ በኩል ነው፤ ከወንዱ የሚመጣው ዘር ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከአንድ እቅፍ ወንዶች የበዙ እንደ ሆነ በአውራው ማሳበብ አይገባም። በእናቱ እቅፍ ውስጥ እስከ 6ኛው ቀን ድረስ የወንዱና የሴቲቱ የውስጥ ብልት በመልክ አይለይም። ከዚያ በኋላ በወንዱ ግራና ቀኝ ሁለት ቈለጥ ይበቅላል። በሴቲቱ ግን የግራው ብቻ የዕንቍላል ዕጢ ሆኖ ያድጋል፤ የቀኙ እንደ ተኛ ይቀራል። ይህን የሚያደርገው ሴቲቱ በዕንቍላሉ ውስጥ ሳለች የምታፈልቀው ኤስትሮጅን ነው። በ1992 ዓ.ም. ኤልብሬክትና ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ኤስትሮጅን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት በ5ኛው ቀን ወደ ዕንቍላል ቢያስገቡ፥ በዘራቸው ሴቶች የሆኑት ጫጩቶች ቈለጥ አብቅለው የአውራ መልክና ጠባይ ይዘው አደጉ።

ከዚህ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከተላል። በዶሮ ዘንድ የአውራው ያማረ ላባ የወንድ ሆርሞን ሥራ አይደለም። የተኰላሸ አውራ ቀዩ ዘውዱ ይኰሰምናል፥ ጩኸቱም ይቀራል፤ ረጅሙ የጅራት ላባና የአንገቱ ጌጥ ግን እንዳለ ይኖራል። ይልቁንም የዕንቍላል ዕጢዋ የወጣባት ሴት ዶሮ በሚቀጥለው የላባ ለውጥ የአውራ ላባ ታለብሳለች። ደብዛዛውን ላባ ለሴቲቱ የሚሰጣት የራሷ ኤስትሮጅን ነው፤ እርሱ ከሌለ ሁለቱም እንደ አውራ ይለብሳሉ። በሌላ ወገን ቀዩ ዘውድና በጉሮሮ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋ የወንድ ሆርሞን ምልክት ናቸው፤ ሴቲቱም ጥቂት የወንድ ሆርሞን ስላላት ዕንቍላል ልትጥል ስትቃረብ ዘውዷ ይቀላል፥ ያድጋልም። ስለዚህ ገዢ ቄብ ሲመርጥ ላባዋን ሳይሆን የዘውዷን ቅላት ይመልከት። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. ሐሊማ ሐሰን ከደብረ ኤልያስ፥ ከቲሊሊና ከሌሎችም የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስፍራዎች የተሰበሰቡ የአገር ዶሮዎችን መርምረው እንደ ጻፉት፥ የብዙዎቹ ዘውድ ዝቅ ያለ፥ አተር የተደረደረበት የሚመስል ነው፤ እንደ ፈረንጅ ዶሮ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በእንዲህ ያለችው ቄብ የዘውዱ መጠን ስለማይታመን ቅላቱን ብቻ ማየት ይበጃል።

በክረምት በጐጃም ማሳና ሣር መካከል ጥቁርና ቢጫ ለብሶ የሚታየው ትንሽ ወፍ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። በበጋ እንደ ሴቲቱ አፈር መስሎ ይኖራል፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ልብሱን ይለውጣል። ኤሚል ቪቺ የተባሉት ሊቅ የዚህን ወገን ወፎች መርምረው፥ ጥቁሩን ላባ የሚያበቅለው የቈለጡ ሆርሞን ሳይሆን የፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞን መሆኑን አሳይተዋል፤ የተኰላሸውም ወፍ ሳይቀር በጊዜው ይጠቍራል። ይህን የምንጠቅሰው በዶሮ የታየው ሁሉ ለወፍ ሁሉ ሕግ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ ነው።

ሴት ዶሮ እንደ አውራ የጮኸች እንደ ሆነ በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ የመጥፎ ነገር ምልክት ናት ተብላ ትታረዳለች። ምክንያቱ ግን ከላይ የተናገርነው የተኛው የቀኝ ዕጢ ነው። የግራው የዕንቍላል ዕጢ በበሽታ ወይም በእባጭ የተበላሸ እንደ ሆነ ኤስትሮጅን ይጐድላል፤ ያን ጊዜ የቀኙ ነቅቶ ቈለጥ መሳይ ሆኖ ያድጋል፥ የወንድ ሆርሞንም ያፈልቃል። ዶሮይቱም ዕንቍላል መጣል ትተዋለች፥ ዘውዷ ያድጋል፥ ትጮኻለች፥ ከአውራም ጋራ ትዋጋለች። በ1923 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ፍራንሲስ ክሩ የተባሉት ሊቅ ቀድሞ ዕንቍላል ጥላ ጫጩት ያስፈለፈለች ዶሮ በኋላ ተለውጣ የሁለት ጫጩቶች አባት እንደ ሆነች ጽፈዋል። እንዲህ ያለው እስከዚህ ድረስ የሚደርስ ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው። በስዊስ አገር ባዝል በምትባለው ከተማ በ1474 ዓ.ም. አንድ አውራ ዶሮ ዕንቍላል ጣለ ተብሎ በፍርድ ሸንጎ ፊት ቀርቦ በእሳት ተቃጥሏል፤ ምናልባት ያ ምስኪን እንዲህ የተለወጠች ሴት ነበረ። ለእኛ ባላገር የሚበቃው ምክር ይህ ነው፦ የምትጮኽ ዶሮ ዕንቍላል ስለማትሰጥ ማቈየቷ አይጠቅምም፤ ነገር ግን በቤቱም ሆነ በጎረቤቱ ላይ የምታመጣው አንዳች ነገር የለም።

ጫጩት ከዕንቍላሉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያየውን የሚንቀሳቀስ ነገር እናቴ ብሎ ይከተላል። በ2012 ዓ.ም. የጃፓን ሊቃውንት ይህ የትምህርት በር የሚከፈተው በአንገት ዕጢ ሆርሞን፥ ማለት በታይሮይድ ሆርሞን፥ ወደ አንጐል መግባት መሆኑን አስረድተዋል። በሩ ለጥቂት ቀን ብቻ ክፍት ሆኖ ይዘጋል። ስለዚህ በገበያ የተገዙትን የአንድ ቀን ጫጩቶች ለታቃፊ ዶሮ ማደጎ መስጠት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሌሊት፥ በጨለማ፥ ከክንፏ በታች ያግባቸው፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ጫጩቶቹ እርስዋን አይከተሉም፥ እርስዋም ትወጋቸዋለች። በሣር ሳጥን የሚያሳድግ ግን ይህ አያስጨንቀው።

ስለ ጐረምሳው አውራ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቴስቶስቴሮን ገና በጥቂት ሳምንቱ መፍሰስ ይጀምራል፤ ለሕፃናት ጫጩቶች በመርፌ የተሰጠ እንደ ሆነ በ15 ቀን ዕድሜያቸው እንደ ትልቅ አውራ ሲጮኹና ሲወጡ መታየታቸው በ1942 ዓ.ም. ተጽፏል። በተፈጥሮ መንገድ ግን በቡሬ ወረዳ እንደ ታየው የአገር አውራ ሴት መውጣት የሚጀምረው በ24 ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ድብድብ የሹመት ድብድብ ነው፤ ማን በፊት እንደሚበላ፥ ማን በቆጡ ላይ ከፍ ብሎ እንደሚያድር ይወሰንበታል። በጃፓን አገር በ2015 እንደ ተመረመረ፥ ሲነጋ አስቀድሞ የሚጮኸው ከሁሉ የበላዩ ነው፤ የበታቾቹ እርሱን ጠብቀው በየተራቸው ይጮኻሉ። ሹመቱ አንድ ጊዜ ከተደለደለ ጠቡ ይበርዳል። ባላገሩ በየገበያው ቀን አንድ አንድ እንግዳ ዶሮ እያመጣ የጨመረ እንደ ሆነ ግን ድልድሉ በየጊዜው ይፈርሳል፤ በድንጋጤና በጭንቀት ጊዜ የሚፈስሰው ኮርቲኮስቴሮን የተባለው ሆርሞንም ይበዛና ዕድገቱንም ዕንቍላሉንም ይቀንሳል። እንግዳውን ለብቻ ማቈየት ደግሞ ፈንግል የተባለውን በሽታ ለመከላከልም ይረዳል።

ወደ ቄቧ እንመለስ። በምዕራብ ጐጃም በቡሬ ወረዳ ፍስሓ ሞገስና ባልደረቦቻቸው በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የአገር ቄብ የመጀመሪያውን ዕንቍላል የምትጥለው በአማካይ በ27 ሳምንት ተኩል ነው፤ በዓመትም 4 ጊዜ ያህል፥ በየጊዜው 16 ገደማ እየጣለች፥ በጠቅላላው 60 ያህል ዕንቍላል ትሰጣለች። በደንብ የተመገበች የፈረንጅ ዶሮ ግን ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ ትጀምራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የዘር አይደለም። የቄቧ አንጐል ለፒቱታሪ ዕጢ ቃል ከመላኩ በፊት ሰውነቷ የዕንቍላልን ወጪ ይችል እንደ ሆነ ይመዝናል፤ ከሳ፥ ረኃብተኛ፥ የሆድ ትል ያለባት ቄብ ቃሉ አይላክላትም። በጐጃም ደጋ ዶሮ የምትበላው ራሷ ጭራ የምታገኘውንና የእህል ጥራጊውን ነው። አዝመራው ተሰብስቦ በሚወቃበት ጊዜ ትጠግባለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የገበሬው ጐተራም ይሳሳል፥ ዶሮይቱም ትራባለች። ለቄብ ይልቁንም የሚጐድላት ሥጋ የሚሠራው ምግብ ነው፤ ስለዚህ ከዘይት መጭመቂያ የሚገኘውን የኑግ ፋጉሎ ከጥራጊው ጋራ ቀላቅሎ መስጠት ከብዙ መድኃኒት ይሻላል።

ሁለተኛው ዳኛ ብርሃን ነው። ወፍ ብርሃንን በዓይኑ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ዣክ ቤንዋ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዳክዬ ላይ መርምረው፥ ብርሃን የራስ ቅሉን አልፎ አንጐሉን እንደሚደርስና ቈለጡን እንደሚያሳድግ አገኙ። ቀኑ ሲረዝም ሆርሞኑ ይነቃል፥ ሲያጥር ይተኛል። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ስለምትገኝ፥ በታኅሣሥ ወር ያለው አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል፥ በሰኔ ያለውም ረጅሙ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ የሚሆን ልዩነት ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። በፓናማ አገር፥ ከእኛው ጋራ በተቀራረበ ልክ በስተ ሰሜን፥ የጉንዳን ጭፍራ እየተከተለ የሚኖር አንድ የዱር ወፍ አለ፤ በ1998 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ ቀኑ በ17 ደቂቃ ብቻ ሲረዝምለት ቈለጡ ማደግ ጀምሯል። ዶሮ ያ ወፍ ባትሆንም የቀድሞ ወገኗ የሞቃት አገር የጫካ ወፍ ነው፤ እኛም ነገሩን ቸል ልንለው አይገባም።

ደግሞም የሰማይ ብርሃን ሌላ፥ ለዶሮይቱ የሚደርሳት ብርሃን ሌላ ነው። በብዙ ቤት ዶሮ የምታድረው መስኮት በሌለው ቤት፥ በምድጃ አጠገብ ባለው ቆጥ ላይ ነው። ደጁ ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ የተከፈተላት፥ ማታም ሸለምጥማጥ ተፈርቶ ገና በቀን የምትከተት ቄብ በዓመት ውስጥ ካለው የቀን ልዩነት የሚበልጥ ብርሃን ታጣለች። ደጁን በጊዜ መክፈት ምንም ወጪ የለበትም። በከተማ አጠገብ የፈረንጅ ዶሮ በብዛት የሚያረቡትም መብራት በመጨመር ቀኑን እስከ 14 ወይም 16 ሰዓት ያደርሱታል። እነዚህ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ቄቧ ሰውነቷ ሳይጠና ብርሃን የበዛባት እንደ ሆነ ሆርሞኗ ከዐጥንቷ ቀድሞ ይነቃል፤ ዕንቍላሏ ታናሽ ይሆናል፥ አንዳንዴም የዕንቍላል መውጫዋ ተገልብጦ ትሞታለች። በማደጊያዋ ጊዜ ብርሃን አይጨመር፤ መጣል ከጀመረች በኋላ ደግሞ አይቀነስ።

ኤስትሮጅን በሚነቃበት ጊዜ የቄቧ ዐጥንት ራሱ ይለወጣል። የመጀመሪያው ዕንቍላል ሊጣል ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በእግሯ ዐጥንት ቀዳዳ ውስጥ ለቅርፊት መሥሪያ የሚሆን አዲስ የኖራ ዐጥንት ይከማቻል። ለአንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋል። እርሱ ከምግቧ ያልተገኘ እንደ ሆነ ከዐጥንቷ ይወሰዳል፤ ያን ጊዜ ቅርፊቱ ይሳሳል፥ እርስዋም ታነክሳለች። በደጀን በኩል ባለው የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ሞልቶ ሳለ የጐጃም ዶሮ በኖራ መቸገሯ የሚያሳዝን ነው። የደቀቀ የኖራ ድንጋይ፥ ወይም የተቈላና የተፈጨ የዕንቍላል ቅርፊት በአንድ ገል ላይ አድርጎ ማኖር ይበቃል፤ የምትፈልገውን ያህል ራሷ ትለቅማለች።

ጊዜው መድረሱን ጠባይዋም ያስታውቃል። ቀድሞ ሰው ሲቀርባት ትሸሽ የነበረችው ቄብ እጅ ሲዘረጋባት ክንፏን ከፈት አድርጋ መሬት ላይ ትጐነበሳለች፤ በየማዕዘኑ፥ በየቅርጫቱ እየገባች ትመረምራለች፤ ድምፅዋም ይለወጣል። ይህ ሁሉ የሆርሞን ሥራ ነው። እንዲህ የጀመረችን ቄብ ወደ ገበያ መውሰድ የዘሩትን ሳያጭዱ መሸጥ ይሆናልና፥ ባለቤቲቱ ጭድ ያለበት ጨለምለም ያለ ጐጆ ታዘጋጅላት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጣላው የመታቀፍ ነገር ነው። ዶሮይቱ ዕንቍላሎቿ ከተከማቹ በኋላ የደረቷ ቆዳ ጐጆውንና ዕንቍላሉን አዘውትሮ ሲነካ ስሜቱ ወደ አንጐል ይደርሳል፤ ከፒቱታሪ ዕጢም ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በብዛት ይፈስሳል። ፕሮላክቲን የዕንቍላል ዕጢዋን ያስተኛል፥ የምግብ ፍላጎቷን ይቀንሳል፥ የደረቷን ላባ ያረግፋል፥ ጐጆዋንም ትታ እንዳትሄድ ያደርጋታል። 21 ቀን ሙሉ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ተነሥታ የምትበላው ስለዚህ ነው። እግሯን ወደ ላይ መስቀልና ላባ በአፍንጫዋ መሰካት ይህን ሆርሞን የሚያጠፋበት መንገድ የለውም፤ ሕመምና ድንጋጤ ይጨምርባታል እንጂ። በሌላ ወገን እናቶቻችን የሚያደርጉት አንድ ብልሃት በእውነት የተመረመረ ያህል ነው፤ ይኸውም ታቃፊዋን ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ ነው። ጐጆውን ያጣች እንደ ሆነ የደረቷ ስሜት ይቀራል፥ ፕሮላክቲንም በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና መጣል ትጀምራለች። ጎረቤት የማይመች እንደ ሆነ ከቀርከሃ የተሠራ፥ ከታቹ አየር የሚያስገባ ቅርጫት ከመሬት ከፍ አድርጎ ሰቅሎ፥ ያለ ጭድ፥ ውሃና ምግብ እየሰጡ 3 ወይም 4 ቀን ማኖር ይበቃል።

ነገር ግን ታቃፊውን ሁሉ ማስነሣት ትክክል አይመስለንም። ነጭ ሌግሆርን የተባለው የፈረንጅ ዘር በብዙ ዘመን ምርጫ መታቀፍን ረስቷል ለማለት ይቻላል፤ እርሱ ግን የሚፈለፍልለት መሣሪያ አለው። በሰናን ወይም በማቻከል ላለች የባላገር ሚስት የመፈልፈያ መሣሪያዋ የአገሯ ዶሮ ናት። በዐቢይ ጾም የዕንቍላል ገበያ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ከዶሮዎቿ ደኅናዪቱን ታሳቅፍ፤ የቀሩትን በዋዜማው ታስነሣቸው። ጫጩቶቹ ሙቀት መፈለግ ሲተዉ ከእናቲቱ መለየት ደግሞ እርስዋን ፈጥኖ ወደ መጣል ይመልሳታል።

ስለ ሆርሞን ሲነገር በከተማ የሚሰማ አንድ ወሬ አለ፤ የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ የምታድገው ሆርሞን በመርፌ እየተሰጣት ነው ይባላል። ወሬው ሥር የሌለው አይደለም፤ በአሜሪካ አገር በ1940ዎቹ ሰው የሠራው ኤስትሮጅን ለአውራ ዶሮ በቆዳው ሥር ይቀበር ነበረ፤ በ1959 ግን በዶሮ ላይ ተከለከለ። የዛሬው ዕድገት የመጣው ከምርጫና ከምግብ ነው። በየወረዳው የሚታደሉት ሳሶ፥ ቦቫንስ ብራውንና ኮኮክ የተባሉት ዘሮች ሆርሞናቸው የራሳቸው ነው፤ ባላገሩም ያለ ፍርሃት ይመገባቸው።

በመጨረሻ ለሚያድሉት ሠራተኞች የምንለው አለ። የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለው እስከ 45 ቀን ወይም እስከ ሁለት ወር አሳድገው ለባላገሩ የሚሸጡ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው፤ ቄቧን ሲያስረክቡ ግን የተፈለፈለችበትን ቀን አይነግሩም። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍላት። የአገር ዘር የሆነች፥ ኅዳር 1 ቀን የተፈለፈለች ቄብ በቡሬው አማካይ ብትሄድ ግንቦት 13 ቀን ገደማ ትጥላለች፤ የምታድገውም አዝመራ በገባበት፥ ቀኑም በሚረዝምበት ወራት ነው። ሰኔ 1 ቀን የተፈለፈለችው ግን በዚያው አማካይ ታኅሣሥ 8 ቀን ገደማ ብትደርስም፥ ክረምቱን በረኃብ፥ ቀኑም እያጠረባት ስለምታሳልፍ ከዚያም ልትዘገይ ትችላለች፤ እርስዋን ፋጉሎ እየሰጡ እስከ ጥር መጨረሻ መታገሥ ይገባል።